ማፍያ ከማን ደጃፍ ይታያል?

ባለፈው የትምህርት ዘመን በአንድ ቅዳሜ ማታ ስምንት ጓደኛሞች በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን «ዘ ጎድፋዘር» የተባለውን ስመ ጥር ፊልም በአንድ ኮምፒዩተር አየን። የፊልሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የክርስትና አባት» ማለት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዱ ጕንጩን ነፍቶና ድምፁን ጐርነን አድርጎ እንደ ዶን ኮርሊዮኔ ይናገር ጀመር፤ ሌላው ተንበርክኮ እጁን ሳመው። ሣቅን። ከዚያን ዕለት ወዲያ ያን ጓደኛችንን «ዶን» እያልን ስንጠራው ከረምን፤ እኔም ከጠሪዎቹ አንዱ ነበርሁ።

በዚያው ሰሞን በምንኖርበት ፎቅ የአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስልክ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከእርሱ በትምህርት የሚቀድም አንድ ሌላ ተማሪ ስልኩን ይዞለት መጣና «ፈልጌ አገኘሁልህ፤ ከእንግዲህ ዕቃህን የሚነካብህ የለም» አለው። ከዚያ ወዲህ ልጁ በየሳምንቱ ዓርብ የመቶ ብር የስልክ ካርድ እየገዛ ይሰጠው ጀመር። ስልኩን የወሰደውና የመለሰው አንድ ሰው መሆኑን ፎቁ በሙሉ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ማንም አልተናገረም። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን።

እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ መሆናቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው። በፊልሙ ያደነቅነውና በኮሪደራችን ያፈርንበት ሥራ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከየት ቆመን እንዳየነው ብቻ ነው። ፊልሙን ያየነው ከዶኑ ወንበር ጀርባ ነው፤ የኮሪደሩን ግን ከከፋዩ ልጅ አልጋ አጠገብ። የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይኸው ነው። ስለ ማፍያ የሚነገር ታሪክ ሁሉ ከአንድ ሰው ደጃፍ ይታያል፤ ከማን ደጃፍ እንደሚታይም ያነበበው ወይም ያየው ሰው መጠየቅ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስሙ ከመድረክ ወረደ

«ማፍያ» የሚለው ቃል ዛሬ በዓለም ሁሉ ይነገራል። በአዲስ አበባም የሚያጭበረብር ደላላ ወይም ዕቃ ደብቆ ገበያ የሚያስወድድ ነጋዴ «ማፍያ» ሲባል እንሰማለን። ቃሉ የተወለደው ግን በደቡብ ኢጣልያ፣ በሲሲሊያ ደሴት ነው። በደሴቲቱ ዋና ከተማ በፓሌርሞ የሰፈር ቋንቋ «ማፍዩዙ» ማለት ደፋር፣ ኰራ ያለ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ማለት ነበር። በ1863 ጁዜፔ ሪዞቶ የተባለ የቴያትር ሰው ከጋኤታኖ ሞስካ ጋራ ሆኖ «የቪካሪያ ማፍዩዚ» የሚል ቴያትር ለሕዝብ አሳየ። ቪካሪያ የፓሌርሞ ወህኒ ቤት ነው። ቴያትሩ በወህኒው ውስጥ ሌሎቹ እስረኞች የሚፈሯቸውንና የሚያከብሯቸውን፣ የራሳቸው ሕግና ሥርዓት ያላቸውን ሰዎች ያሳያል። ሕዝብ እጅግ ስለ ወደደው ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ታየ። ሁለት ዓመት ቈይቶ፣ በ1865፣ የፓሌርሞ አገረ ገዥ ወደ መንግሥቱ በላከው ሪፖርት ውስጥ «ማፍያ» የሚለው ቃል የወንጀለኞች ማኅበር ስም ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ይህን ልብ እንበል። ወንበዴው ሥራውን ከጀመረ ቈይቷል፤ ዓለም የሚያውቀውን ስሙን ያገኘው ግን ከቴያትር መድረክ ነው። አባሎቹ በመካከላቸው «ማፍያ» አይሉም። ቶማዞ ቡሼታ የተባለው አባል በ1984 ለዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔ ቃሉን ሲሰጥ እንዳስረዳው ለራሳቸው የሰጡት ስም «ኮዛ ኖስትራ» ነው፤ «የኛ ነገር» ማለት ነው። «ማፍያ» ተመልካቹ የሰጣቸው ስም ሲሆን፣ ሲወለድም በውስጡ ጥቂት አድናቆት ነበረበት።

፪. የሚሸጠው ዕቃ

ታዲያ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ምንድር ነው? በ19ኛው መቶ ዓመት በፓሌርሞ ዙሪያ ያለው ሜዳ የሎሚና የብርቱካን አትክልት ነበር። ሎሚው በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገርና ወደ አሜሪካ እየተጫነ ብዙ ገንዘብ ያስገባል። የሎሚ ዛፍ ግን ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል፤ ውሃ ይፈልጋል፤ አንድ ክፉ ሰው መጥረቢያ ይዞ በአንድ ሌሊት የብዙ ዓመት ድካም ሊያጠፋ ይችላል። የባላባት ሥርዓት በሲሲሊያ በሕግ የተሻረው በ1812 ነው፤ የኢጣልያ መንግሥት የተቋቋመው ደግሞ በ1861 ነው። አዲሱ መንግሥት ሩቅ ነበር፤ ፖሊሱ ጥቂት ነበር፤ ዳኛውም ዘገምተኛ ነበር። የአትክልቱ ባለቤት ዘበኛ መቅጠር ግድ ሆነበት። ዘበኛውን ማን ይምረጥለት? ውሃውንስ ማን ያድርስለት? በዚህ ክፍተት መካከል ገብተው «እኛ እንጠብቅልሃለን» የሚሉ ሰዎች ተነሡ። አልፈልግም ያለ ሰው ዛፉ ተቈርጦ ያድራል።

በ1876 ሌኦፖልዶ ፍራንኬቲ የተባለ ምሁር ከሲድኒ ሶኒኖ ጋራ ወደ ሲሲሊያ ሄዶ ነገሩን መረመረ። የደረሰበትም አሳብ፣ በዚያች ደሴት ግፍ እንደ ማናቸውም ሥራ የሚሠራበትና ትርፍ የሚገኝበት ኢንዱስትሪ ሆኗል የሚል ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1993፣ ዲየጎ ጋምቤታ የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በመጽሐፉ ይህንኑ አሳብ አስፋፋው። ማፍያ ከሁሉ በፊት የሚሸጠው ዕቃ ጥበቃ ነው ይላል። ሱቅ ያለው፣ ሕንፃ የሚሠራው፣ ዓሣ የሚነግደው ሁሉ በየጊዜው የሚከፍለው ገንዘብ በሲሲሊያ «ፒዞ» ይባላል። ነገሩን በኛ አነጋገር ብንገልጸው፣ ማፍያ ጃንጥላውንም ዝናቡንም በአንድ እጁ የያዘ ነጋዴ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህስ የኛው ሽፍታ አይደለምን?» ይሉኛል። አይደለም። ኤሪክ ሆብስባውም የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1959 ባወጣው መጽሐፍ ሁለቱን ለይቶ አሳይቷል። ሽፍታ ከሹም ጋራ ተጣልቶ ጫካ ይገባል፤ ከመንግሥት ይሸሻል። የማፍያ ሰው ግን ከከተማው አይወጣም። በእሑድ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ከሹሙ ጋራ ቡና ይጠጣል፤ በምርጫ ጊዜ ድምፅ ይሰበስባል። ሽፍታ የመንግሥት ጠላት ሲሆን ማፍዮዞ ግን የመንግሥትን ሥልጣን በጓዳ የሚጋራ ሰው ነው።

ይህ ንግድ እንዲቆም የሚያደርጉት ሁለት ምሰሶዎች ናቸው፤ ክብርና ዝምታ። አባሉ «የክብር ሰው» ይባላል። አዲስ አባል ሲገባ ጣቱን ወግተው ያደሙታል፤ ደሙ በቅዱስ ሥዕል ላይ ይፈሳል፤ ሥዕሉ በእጁ ላይ እየነደደ «ማኅበሬን ብከዳ ሥጋዬ እንዲህ ይንደድ» ብሎ ይምላል። ማኅበሩ «ቤተ ሰብ» ይባላል፤ ይሁን እንጂ የሥጋ ዝምድና የግድ አይደለም። ዝምታው ደግሞ «ኦሜርታ» ይባላል። ያየውን ያላየ፣ የሰማውን ያልሰማ መሆን ነው። ኦሜርታ አባሉን ብቻ አያስርም፤ ጎረቤቱን፣ ባለ ሱቁን፣ መንገደኛውን ሁሉ ያስራል።

እዚህ ላይ አባቶቻችን የነበራቸውን አውጫጭኝ ማስታወስ ይገባል። ሌባ ሲጠፋ አገሬው በሙሉ ባንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይደረግ ነበር፤ ሌባው ካልተገኘ ደግሞ የጠፋውን አገሬው በጋራ ይከፍላል። አውጫጭኝ የራሱ ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሕ ሰው ሥራ አስፈትቶ ያንገላታል፤ በቂመኛ ምላስም ያስበድላል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ ዝም ያለ ሰው የዕዳው ተካፋይ ነው የሚል ነው። ኦሜርታ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ክብር የተባለውስ? «ማፍያ ሴትና ልጅ አይነካም» ሲባል ሰምተናል፤ ፊልሙም ያንን አስተምሮናል። እውነቱን ከተፈጸመው እንመልከት። የቡሼታ ሁለት ወንዶች ልጆች በ1982 እንደ ወጡ ቀሩ። ማኅበሩን አጋልጦ የመሰከረ የሌላ ሰው ልጅ ደግሞ በ1993፣ በ12 ዓመቱ፣ የፖሊስ ልብስ በለበሱ ሰዎች ተጠለፈ። አባቱ ቃሉን እንዲያጥፍ ልጁን ከሁለት ዓመት በላይ ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ ከደበቁት በኋላ በጥር 1996 አንቀው ገደሉት፤ ሬሳውም እንዳይገኝ በአሲድ አሟሙት። ይህን የፈጸሙት «የክብር ሰዎች» የሚባሉት ናቸው።

፫. ወንበዴው በአሜሪካ መጋረጃ ላይ

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እጅግ ብዙ የደቡብ ኢጣልያ ሰዎች ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ በወዙ የሚያድር ድኻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመካከላቸው የነበሩት ጥቂት ወንበዴዎች የከበሩት በ1920 መጠጥ በሕግ በተከለከለ ጊዜ ነው። እስከ 1933 በቈየው በዚህ ክልከላ ምክንያት አረቄ የሚያመላልስ ሁሉ ባለ ጠጋ ሆነ። የቺካጎው አል ካፖኔ በጋዜጣ ፎቶግራፉ ያልወጣበት ቀን ጥቂት ነበር። በ1931 የተፈረደበትም በነፍስ ግድያ ሳይሆን የገቢ ግብር ባለመክፈል ነው፤ የ11 ዓመት እስራት ተበየነበት።

ሲኒማ ወዲያው ተከተለ። በ1931 «ሊትል ሲዛር» እና «ዘ ፐብሊክ ኤነሚ»፣ በ1932 ደግሞ «ስካርፌስ» የተባሉት ፊልሞች ታዩ። ሦስቱም ድኻ ወጣት በሽጉጥ ሲከብርና በመጨረሻ ሲወድቅ ያሳያሉ። ውድቀቱ አምስት ደቂቃ ነው፤ ክብሩ፣ ልብሱና መኪናው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ተመልካቹ የትኛውን ይዞ እንደሚወጣ ለመገመት አያስቸግርም። ብዙ ጩኸት ስለ ተነሣ ከ1934 ጀምሮ የፊልም ሠሪዎች ማኅበር ወንጀል እንዳይሞገስ የሚከለክል ደንብ በጥብቅ ማስከበር ጀመረ።

አንድ ሌላ ሥዕል ደግሞ ከዚያ ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በ1951 ሴናተር ኬፎቨር የሚመራው የምክር ቤት ኮሚቴ ስለ ተደራጀ ወንጀል በኒው ዮርክ ምርመራ ሲያደርግ ቴሌቪዥን ያስተላልፍ ነበር። ፍራንክ ኮስቴሎ የተባለው የወንበዴ አለቃ ፊቱ እንዳይታይ ስለ ጠየቀ ካሜራው እጆቹን ብቻ ያሳይ ጀመር። በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ያየው የማያርፉ፣ የሚፍተለተሉ ሁለት እጆችን ነበር። ሙዚቃ አልነበረም፤ ጥላና ብርሃን አልነበረም፤ የሚጠየቅ ሰው እጅ ብቻ ነበር። ያ ቀን ዶኑ ከወንበሩ ወርዶ ከጠያቂው ፊት ለፊት የታየበት ቀን ነው።

፬. የክርስትና አባት

አሁን ወደ ታላቁ ፊልም እንምጣ። «ዘ ጎድፋዘር» በመጀመሪያ በ1969 የወጣ የማርዮ ፑዞ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ፑዞ ራሱ እንደ ተናገረው መጽሐፉን የጻፈው ከንባብ ባገኘው እውቀት ነው እንጂ አንድም እውነተኛ የማፍያ ሰው አግኝቶ አያውቅም ነበር። እንዲያውም ዶኑ ሲናገር በልቡ ይሰማው የነበረው የገዛ እናቱ ድምፅ እንደ ነበረ ገልጿል። እናቱ ድኻና ጠንካራ ስደተኛ ነበረች። እንግዲህ ዓለም «የማፍያ አነጋገር» ብሎ የሚቀዳው ድምፅ ምንጩ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት።

ፊልሙን ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ነው፤ በ1972 ለሕዝብ ታየ። ከመሠራቱ በፊት በ1971 አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ጆሴፍ ኮሎምቦ የተባለው የኒው ዮርክ ማፍያ አለቃ «የኢጣልያን ዘር የሆኑ አሜሪካውያን መብት» ለማስከበር የሚል ማኅበር አቋቁሞ ነበር፤ ይህም ማኅበር ፊልሙ የሕዝባችንን ስም ያጠፋል ብሎ ተነሣ። የፊልሙ ሰዎች ተደራድረው «ማፍያ» የሚለው ቃል ከጽሑፉ እንዲወጣ ተስማሙ። ስለዚህ ስለ ማፍያ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ የታወቀው ፊልም «ማፍያ» የሚለውን ቃል አይናገርም። ቃሉን ያስወጣው ማን እንደ ሆነ ልብ ይሏል።

የፊልሙን መጀመሪያ አስታውሱ። በጨለማ ክፍል አንድ ቀባሪ ሰው ስለ ሴት ልጁ ያለቅሳል። የደበደቧትን ጐረምሶች ፍርድ ቤቱ ለቀቃቸው፤ አባትየው ፍርድ ፍለጋ ወደ ዶኑ መጣ። በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ተመልካቹ ፍርድ ቤት ፍርድ እንደማይሰጥ፣ ዶን ግን እንደሚሰጥ አመነ። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ታላቅ ማታለልም ነው። በሁለተኛው ክፍል (1974) ደግሞ ነጭ ልብስ የለበሰ ፋኑቺ የሚባል ሰው ከሠፈሩ ባለ ሱቆች ገንዘብ ይቀበላል። ፒዞ ማለት ይኸው ነው። የሚቀበለው ግን ክፉው ሰው ነው፤ ጀግናው ወጣት ቪቶ ይገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ ቪቶ የባልቴቲቱን የቤት ኪራይ ጉዳይ ሲያቃናላት እናያለን። ቪቶ በፋኑቺ ቦታ ሆኖ ከእነዚያው ባለ ሱቆች ምን ያህል እንደ ተቀበለ ፊልሙ አያሳየንም። ካሜራው ከሱቁ ወጥቶ ሄዷል።

ስለ ፊልሙ ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሌላውንም መናገር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ማይክል የእኅቱን ልጅ ክርስትና ያነሣል። በቤተ ክርስቲያን «ሰይጣንን ክደሃልን?» ተብሎ ሲጠየቅ እርሱ ያዘዛቸው ግድያዎች በከተማው ይፈጸማሉ። በዚያው ቀን የሕፃኑን አባት ያስገድለዋል። አበልጅነት ምን ያህል የከበረ ዝምድና እንደ ሆነ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ነጋሪ አያስፈልገንም። የፊልሙ ስም ሙሉ ትርጕሙን ያገኘው እዚያ ላይ ነው፤ የክርስትና አባት የሆነው ሰው የክርስትና ልጁን አባት ገደለ። ኮፖላ ይህን አሳይቶናል። እኛ ግን ቅዳሜ ማታ ከዚያ ሁሉ የወሰድነው የሚሳመውን እጅ ብቻ ነው። ጥፋቱ የፊልሙ ብቻ አይደለም፤ የተመልካቹም ነው።

፭. ወንበዴው ከሲኒማ ሲማር

«ፊልም ፊልም ነው፤ ማን ይማርበታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከሁሉ በፊት የተማሩበት ወንበዴዎቹ ናቸው። ጋምቤታ በ2009 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ የማፍያ ሰዎች አለባበስንና አነጋገርን ከሲኒማ እንደሚቀዱ በሰፊው ጽፏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሚሸጡት ፍርሃት ነውና የሚያስፈራ መልክ ያስፈልጋቸዋል፤ ሲኒማው ያንን መልክ ያለ ዋጋ ሠራላቸው። በኔፕልስ አጠገብ ባለችው በካዛል ዲ ፕሪንቺፔ የካሞራ (የኔፕልስ አካባቢ ወንበዴ ማኅበር) አለቆች ከሆኑት አንዱ፣ በ1983ቱ «ስካርፌስ» ፊልም ውስጥ እንዳየው ያለ ቤት ሥሩልኝ ብሎ አሠርቷል። በጥር 2023 ደግሞ ከ30 ዓመት ሽሽት በኋላ ማቴዎ መሲና ዴናሮ የተባለው የሲሲሊያ ማፍያ አለቃ ተያዘ። ከላይ የተነገረውን ልጅ ካስጠለፉትና ካስገደሉት መካከል አንዱ ነው። ፖሊሶች መሸሸጊያ ቤቱን ሲፈትሹ በግድግዳው ላይ የ«ዘ ጎድፋዘር» ፊልም ሥዕል ተለጥፎ አገኙ። በዚያው ዓመት መስከረም በበሽታ ሞተ።

ይህ ነገር ለኔ ከመጽሐፍ ሁሉ በላይ ተናጋሪ ነው። በመኝታ ክፍላችን እጅ የሳመው ጓደኛዬና ልጅ ያስገደለው ሰው የተመለከቱት ሥዕል አንድ ነበር።

፮. ከከፋዩ ደጃፍ

ታዲያ ታሪኩን ከሌላው ደጃፍ የተናገሩ አልነበሩምን? ነበሩ፤ ብዙዎቹም በሕይወታቸው ከፍለውበታል።

መጀመሪያ ስለ ዝምታ ጋዜጣ አንድ ቃል እንበል። ሙሶሊኒ በ1925 ቼዛሬ ሞሪ የተባለውን አገረ ገዥ በፓሌርሞ ሾሞ ብዙ ሰው አሳሰረ፤ በ1929 ሞሪን አንሥቶ ማፍያ ጠፋ አለ። ከዚያ በኋላ ጋዜጦቹ ስለ ማፍያ እንዳይጽፉ ተደረገ። ያ መንግሥት በ1935 አገራችንን ሲወርር ጋዜጦቹ የጻፉትን እናውቃለን፤ ሥልጣኔ ልናስገባ ነው አሉ፤ ስለ መርዙ ጋዝ ግን ዝም አሉ። ስለ ማፍያም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ማፍያ ግን አልጠፋም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ቆመ።

በ1958 «ሎራ» የተባለው የፓሌርሞ ጋዜጣ ስለ ኮርሊዮኔ ከተማ ማፍያ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ የአለቃውን ፎቶግራፍ ከነስሙ አተመ። በጥቅምት ወር ማተሚያ ቤቱ በቦምብ ተመታ። ጋዜጣው ግን መጻፉን አልተወም። እስከ 1972 ባለው ጊዜ ውስጥ ከጸሐፊዎቹ ሦስቱ ጠፍተዋል ወይም ሞተዋል፤ ከእነርሱ አንዱ ማውሮ ዴ ማውሮ በ1970 ከደጃፉ ተወስዶ እስከ ዛሬ ሬሳው አልተገኘም።

ከኛ ዕድሜ ብዙ የማይርቅ ደግሞ ፔፒኖ ኢምፓስታቶ ነው። የተወለደው በ1948 በቺኒሲ መንደር ነው፤ አባቱ ከማፍያ ጋራ ወዳጅነት ነበረው፤ ፔፒኖ ግን ተቃወመ፤ አባቱም ከቤት አስወጣው። በ1977 ከጓደኞቹ ጋራ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ አቋቁሞ የመንደሩን አለቃ ጋኤታኖ ባዳላሜንቲን በስሙ እየጠራ ያሾፍበት ጀመር። ልብ በሉ፤ መሣሪያው ሣቅ ነበር። እኛ ከዶኑ ጋራ ሣቅን፤ እርሱ በዶኑ ሣቀ። በግንቦት 9 ቀን 1978 ገድለው ሬሳውን በባቡር ሐዲድ ላይ በፈንጂ በተኑት፤ ባለሥልጣኖቹም ራሱ ቦምብ ሲያጠምድ ሞተ አሉ። እናቱ ፌሊቻ ግን ዝም አላለችም። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ባዳላሜንቲ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በ2000 ስለ ፔፒኖ የተሠራው ፊልም «መቶ ርምጃ» ይባላል፤ ከፔፒኖ ቤት እስከ አለቃው ቤት ያለው ርቀት ነው። ካሜራው የቆመው በልጁ ደጃፍ ነውና አለቃው በዚያ ፊልም ውስጥ ትልቅ ሰው አይመስልም።

ሊቤሮ ግራሲ የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። በጥር 1991 ፒዞ ለሚጠይቀው ሰው በጋዜጣ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ እንደማይከፍል አስታወቀ። በቴሌቪዥንም ቀርቦ ይህንኑ ተናገረ። የሙያ ጓደኞቹ ግን አልተከተሉትም፤ የከተማችንን ስም አጠፋህ ያሉትም ነበሩ። በነሐሴ 29 ቀን በዚያው ዓመት ጧት ወደ ሥራው ሲሄድ ተኵሰው ገደሉት። ግራሲን ጥይቱ ከመግደሉ በፊት ብቸኝነቱ አሳልፎ ሰጥቶት ነበር።

ሕግም በበኩሉ ሠርቷል። በ1986 በፓሌርሞ በተጀመረው ታላቅ ችሎት ከ400 በላይ ሰዎች ተከሰሱ፤ በ1987 መጨረሻ ከ300 በላይ ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም በጥር 1992 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ጸና። ማፍያ በዚያው ዓመት በግንቦት ፋልኮኔን ከሚስቱና ከሦስት ጠባቂዎቹ ጋራ፣ በሐምሌ ደግሞ ጓደኛውን ዳኛ ፓኦሎ ቦርሴሊኖን ከአምስት ጠባቂዎቹ ጋራ በፈንጂ ገደለ። ስለዚህ «ፍርድ ቤት አይረባም» የሚለውን የፊልሙን የመጀመሪያ ደቂቃ ስናይ፣ ፍርድ ቤት እንዲረባ ብለው የሞቱትን ማስታወስ ይገባናል። እርግጥ ፍርድ ሲዘገይ ሰው ዶን ይፈልጋል። ይህ እውነት ነው፤ በየትም አገር ነው። ነገር ግን ዶኑ የሚሰጠው ፍርድ ብድር ነው፤ ወለዱም አያልቅም።

በመጨረሻም በሰኔ 2004 አንድ ጧት የፓሌርሞ ሰዎች ከቤታቸው ሲወጡ በየግድግዳውና በየምሰሶው ትናንሽ ወረቀቶች ተለጥፈው አገኙ። ፒዞ የሚከፍል ሕዝብ ክብር የሌለው ሕዝብ ነው የሚል ቃል ነበረባቸው። የለጠፉት ትምህርታቸውን የጨረሱ ጥቂት ወጣቶች ነበሩ፤ መጠጥ ቤት ለመክፈት ሲያስቡ ፒዞንም ከወጪው ጋራ መቍጠር እንዳለባቸው ተረድተው ነው። ከዚያም «አዲዮፒዞ»፣ ማለት «ፒዞ ደኅና ሁን»፣ የሚል ማኅበር ሆኑ። ፒዞ የማይከፍሉ ሱቆችን ስም ዝርዝር አወጡ፤ ገዥው ሕዝብ ከእነዚያ ሱቆች እንዲገዛ ቃል አስገቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩ ሱቆች ተጻፉ። ግራሲ ብቻውን ነበር፤ እነዚህ ግን ብዙ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል። ደግሞም ያችን «ክብር» የተባለች ቃል ከወንበዴው ቀምተው ለባለ ሱቁ መለሷት።

፯. ወደ ፎቃችን ስንመለስ

አንባቢ ሆይ፣ ፊልሙን አትዩ ማለቴ አይደለም፤ እኔም እንደገና አየዋለሁ። ነገር ግን ከእንግዲህ ስለ ወንበዴ የሚናገር ፊልም፣ መጽሐፍ ወይም የጋዜጣ ወሬ ሲገጥመን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ አሳስባለሁ፤ በውይይት ክበባችንም ብንነጋገርባቸው መልካም ነው።

አንደኛ፣ ታሪኩ የሚታየው ከማን ደጃፍ ነው፤ ከሚቀበለው ወይስ ከሚከፍለው?

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ያሳያል ወይስ እንዴት እንደ ተበላ ብቻ?

ሦስተኛ፣ ክብር የሚለውን ቃል ለማን ሰጠው?

ይህን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት ያን የአንደኛ ዓመት ልጅ ፈቃዱን ጠየቅሁት። ስለ ዓርቡ ካርድ እንደማውቅ፣ የፎቁም ልጆች እንደሚያውቁ ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና «ሁላችሁም ታውቁ ኖሯል? እኔ ብቻዬን የማውቀው መስሎኝ ነበር» አለኝ። ስለ ኦሜርታ ካነበብሁት ሁሉ እንደዚህ ቃል ያሳፈረኝ የለም። የዝምታ ጕዳቱ ወንበዴውን መደበቁ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከፋዩንም ብቻውን ያስቀረዋል።

በተከታዩ ዓርብ ማታ አምስት ሆነን በልጁ ክፍል ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። «ዶን» የምንለውም ጓደኛችን አብሮን ነበረ። ሰውዬው እንደ ልማዱ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ አየን። እኛ ምንም አልተናገርንም። ልጁ ግን «ካርድ የለም» አለው።